የወንድዬ ደንብ

«ጠፍሩን አምጣው አልኩህ እኮ!» አለ በዛብህ፣ ድምፁን ዝቅ አርጎ፣ ጥርሱን ነክሶ።

«አላገኘሁትም ጋሼ።»

«እንዴት ነው የማታገኘው? ቃሬዛው ያውና፣ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ቆሟል። ጠፍሩ ብቻውን ክንፍ አውጥቶ በረረ?»

ምንይችል የለቅሶው ድንኳን ጥግ አግዳሚው ላይ ኩርምት ብሎ ጃኬቱን እስከ አገጩ ዘግቶታል። ሰዎቹ ብርድ መስሏቸዋል። ሐምሌ ነው፤ የእንጅባራ ሐምሌ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ አጥንት ድረስ ነው የሚገባ። ግን ብርዱ አይደለም። ጠፍሩ እዚያው ጃኬቱ ስር ነው ያለው። ወገቡ ላይ ሁለት ዙር ተጠምጥሟል፤ ቋጠሮው እምብርቱ ላይ አርፎ፣ በተነፈሰ ቁጥር ይቆረቁረዋል።

«እስከ ነገ ፈልገህ ታመጣለህ» አለ በዛብህ። «ነገ ሣልስቱ ላይ ማህበሩ ይቀመጣል። ያን ሹፌር ጠፍር እናሻግረዋለን። የወንድሜ ነገር እንዲህ እንደዋዛ አይቀርም።»

ጠፍር ማሻገር ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። መንደሩ ከጥርባ ወንዝ ማዶ ነው፤ ከአስፋልቱ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል። በበጋ መኪና እስከ ወንዙ ይመጣል፣ በክረምት ግን እንደ ሹፌሩ ድፍረት ነው። ስለዚህ ሰው ሲታመም አርባ ሁለቱ አባወራ በቀርከሃ ቃሬዛ፣ በቆዳ ጠፍር አስረው፣ በትከሻቸው ነው እስከ አስፋልት የሚያወጡት። የቃሬዛ ማህበር ይባላል። ማህበሩን የበደለ ሰው ደግሞ ጠፍሩ መሬት ላይ ይዘረጋለታል፤ ተሻግረህ ሂድ ይባላል። ከተሻገረ በቃ! ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ ሰው ቢታመም ትከሻ የሚሰጠው የለም። ምንይችል በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያየው። ሰውየው ስድስት ወር አልቆየም፣ ቤቱን ነቅሎ ዳንግላ ገባ።

አሁን ተረኛው የአምቡላንሱ ሹፌር የኋላሸት ነው። የዚሁ መንደር ልጅ ነው፣ ያውም የማህበሩ አባል። ቅዳሜ ዕለት ተደውሎለት ወንዙ ድረስ አልወረደም፤ የምንይችል አባት ወንድዬ መንገድ ላይ ሞተ። እሁድ ተቀበረ። ነገሩ እንዲህ ነው የሚወራው። የየኋላሸት ሚስት ፀደይ ደግሞ ዘጠነኛ ወሯን ይዛለች፤ ቤታቸው ከወንዙ ማዶ ነው። ነገ ባሏ ጠፍር ከተሻገረ፣ ምጥ ሲመጣ ማን ይሸከማታል?

«እንዲያው በመጨረሻዋ ሰዓት እንኳ እኔን አልረሳኝም» ትላለች የምንይችል እናት እታለማሁ፣ ፍራሹ ላይ ተቀምጣ። ከጥሊሊ የመጡ ሁለት ሴቶች አሁን ነው ከጎኗ አረፍ ያሉት። «በዚያ ጭንቅ፣ በዚያ ትንፋሽ ‹እናትህን አደራ› ነው ያለው ለልጁ።»

«አዬ ወንድዬ!» አሉ ሴቶቹ።

«ይኸ ቃል ነው ያቆመኝ። ይኸ ባይኖር ኖሮ አብሬው ነበር የምገባ።»

ምንይችል አንገቱን ደፋ። አባቱ እንደዚያ አላለም። ቅዳሜ ሬሳውን ይዘው ሲመለሱ መንገድ ላይ ያገኟት እናቱ ኮሌታውን በሁለት እጇ ጨብጣ «ምን አለህ? ምን ብሎህ ሞተ?» ስትለው፣ ከአፉ ያመለጠው ውሸት ነው። ያመለጠው ነገር ሁለት ቀን ሙሉ ለመጣ ለሄደው ሁሉ ሲነገር ዋለ። አሁን ማን ይመልሰዋል?

ወንድዬ በትክክል ምን እንዳለ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። አንዱ ምንይችል ነው። ሌላው ነገ ጠፍር የሚሻገረው ሰውዬ ነው።

ወንድዬን ለማታውቁት ልንገራችሁ። ግዙፍ ሰው ነበር። ድሮ እንደዚያ አልነበረም፤ በጥር ለጊዮርጊስ ሰው ሁሉ ፈረሱን ሲያስጋልብ ዳማ ፈረሱ ላይ ሲቀመጥ ልጃገረድ ዞር ብላ የምታየው ዓይነት ቀጭን ሎጋ ነበር አሉ። በኋላ መሬቱን ሁሉ ዲከረንስ ተከለበት። ዛፉ ራሱ ያድጋል፣ ከሰል አክሳዩ መጥቶ ይቆርጣል፤ ወንድዬ ሞፈርና ቀንበሩን ሰቀለ። ለገበያም ለእንጅባራም ከአስፋልቱ ጀምሮ በባጃጅ ሆነ፣ ያውም ብቻውን የኋላውን ወንበር ሞልቶ። ሰውነቱ በጨመረ ቁጥር ሰው «ወንድዬ አማረብህ! ተመቸህ!» ይለዋል። እሱም ይስቃል። ከሁለት ዓመት በፊት ዳማው ላይ ሲወጣ ፈረሱ ጉልበቱ ከዳውና ተንበረከከ፤ ሜዳ ሙሉ ሰው ሳቀ፣ ከሁሉ በላይ የሳቀው ራሱ ወንድዬ ነው። ከዚያ ወዲያ ግን ፈረስ ላይ አልወጣም። ጉልበቴን አሞኛል አለ።

እሁድ መቃብሩን የቆፈሩት ጎረምሶች ጉድጓዱን ሁለቴ ነው ያሰፉት። ለቅሶው ላይ እንኳ ይኸን ሹክ ሲባባሉ ፈገግ ያለ ነበር። ወንድዬ ቢሰማ «ሦስተኛ ጊዜ አስፉት፣ እጄን ልዘርጋበት» ይል ነበር።

ማህበሩ ውስጥ ደግሞ ከእሱ በላይ ሰው አልነበረም። ደንቡን ያወጣው እሱ ነው። ከአስራ አራት ዓመት በፊት አንዲት ምጥ የያዛት ሴት ተሸክመው ገደሉ አፋፍ ላይ ሲደርሱ፣ አሟትና ብድግ ስትል ቃሬዛው ሚዛን ሳተ፤ ድንጋይ ላይ ወደቀች። እሷ ተረፈች፣ ልጁ አልተረፈም። የፊቱን ቀኝ የተሸከመው ወንድዬ ነበር። ሦስት ቀን እህል አልበላም አሉ። ከዚያ ማህበሩን ሰብስቦ ደንብ አወጣ፤ በሽተኛ በጀርባው ተኝቶ ይታሰራል፣ ቢለምንም ቢቆጣም ቢያለቅስም አስፋልት ሳይደርስ አይፈታም። አስራ አራት ዓመት አንድ ሰው አልወደቀም። መንደሩ ውስጥ ይኸን ደንብ በቃሉ የማይል የለም።

የዚያኑ ቀን፣ ሰኞ ከሰዓት፣ ቤዛዊት መጣች።

ቤዛዊት ነርስ ናት፤ ከዩኒቨርሲቲ ሰዎች ጋር ጥናት ትሠራለች። ከአምስት ወር በፊት ቀበሌው ግቢ ውስጥ ሚዛን አስቀምጣ ሰውን ሁሉ በክብደት በወገብ ስትለካ የነበረችው እሷ ናት። አሁን ደግሞ ሆስፒታል ሳይደርሱ መንገድ ላይ ስለሞቱ ሰዎች ቤት ለቤት እየዞረች ትጠይቃለች። እንዴት ታመሙ፣ ማን ደወለ፣ በምን ሄዱ፣ ስንት ሰዓት ፈጀ። የዚያን ቀን ግን ለለቅሶ ነው የመጣችው፤ ጥቁር ነጠላ አጣፍታ፣ እታለማሁን አቅፋ አለቀሰችና ጥግ ይዛ ተቀመጠች። ከፔርሙሱ ቡና ቀዱላት።

በዛብህ አያት። «አንቺ የጥናቷ ልጅ አይደለሽም እንዴ?»

«ነኝ ጋሼ። ዛሬ ግን ለሥራ አልመጣሁም። ጥያቄው ከአርባው በኋላ ነው።»

«ምን አርባ ያስጠብቃል! አሁን ጠይቂ! ይጻፍ! አምቡላንሱ ነው የገደለው ተብሎ ይጻፍ!»

«ጋሼ፣ እንደሱ አይደለም የሚጻፈው...»

«ጠይቂ አልኩሽ፤ የተደበቀ ነገር የለንም!»

ቤዛዊት እታለማሁን አየቻት፣ እታለማሁ በአገጯ እሺ አለቻት። ልጅቷ ከቦርሳዋ ወረቀትና እርሳስ አወጣች። መጀመሪያ ቀላል ቀላሉን ጠየቀች። በስንት ሰዓት ደወላችሁ? አራት ሰዓት። ስንት ሰው ተሸከመ? ስምንት፣ በየሃምሳ እርምጃው እየተቀያየረ። ከዚያ እርሳሷን አቆመች።

«ተኝተው ነው የሄዱት፣ ቀና ብለው?»

«ተኝቶ ነዋ!» አለ በዛብህ በኩራት። «በደንቡ! ልጁ ራሱ ነው ያሰረው፣ ቋጠሮው እንደ ብረት ነበር።»

«ተኝቶ?» አለች እታለማሁ። ድምፅዋ ቀስ ያለ ነው። «ወንድዬ? በጀርባው?»

ሲያስሩት እሷ ሳጥን ውስጥ የጤና መድን ደብተሩን ትፈልግ ነበር። ስትወጣ ቃሬዛው ሄዷል፤ እስከ መጨረሻው ከኋላ ከኋላ ተከተለች እንጂ አልደረሰችባቸውም።

ቤዛዊት ወደ ምንይችል ዞረች። «በራስጌው በኩል የነበርከው አንተ ነህ አይደል?»

«አዎ።»

«መንገድ ላይ ቀና ልበል፣ ልቀመጥ ብለው ነበር?»

አርባ ሰው አለ ድንኳኑ ውስጥ። ዝናቡ ሸራው ላይ ይንጣጣል። ቋጠሮው እምብርቱን ወጋው።

«አላለም» አለ ምንይችል። «ምንም አላለም። እናትህን አደራ ብቻ ነው ያለኝ።»

ልጅቷ ወዲያው አልጻፈችም። አየችው። ከዚያ ጻፈች።

ስትሄድ ሊሸኛት ወጣ፤ ባይወጣ ደስ ባለው፣ ግን ወግ ነው። ቀርከሃው አጠገብ ሲደርሱ ቆመች።

«ምንይችል፣ አንድ ነገር ልንገርህ፣ አትቀየመኝ። በቃሬዛ ሲሄዱ ትንፋሽ አጥሯቸው የሞቱ አስራ ሰባት ሰዎች ቤት ጠይቄያለሁ። አስራ ሰባቱም ቤት ‹ምንም አላለም› ነው የተባልኩት። አሁን አንተ አስራ ስምንተኛ ሆንክ።»

«እና?»

«እናማ፣ ትንፋሽ ያጠረው ሰው ዝም ብሎ ይተኛል? አንዱ እንኳ ቀና አርጉኝ አይልም?»

ምንይችል የቀርከሃውን ቅጠል በጠሰ።

«ቀና ብሎ ቢሆን... ይተርፍ ነበር?» አለ፤ ሊጠይቅ አስቦ አይደለም፣ ወጣበት።

«እሱን አላውቅም። እንደሱ ብዬ አልዋሽህም። ልባቸው ደክሞ ነበር፣ ክብደቱም አለ፤ ቀና ብለውም ሊሞቱ ይችሉ ነበር። ግን እንደዚያ ያለ ሰው በጀርባው ሲተኛ ውኃ ውስጥ እንደገባ ነው የሚሆነው። ይኸን አውቃለሁ።» ነጠላዋን ጠበቅ አረገች። «ለቃሬዛው መደገፊያ እንሥራለት ብል አስራ ሰባት ቤት ‹ችግር አልነበረም› የሚል ወረቀት ነው የያዝኩት። ማን ይሰማኛል? የአንተን በእርሳስ ነው የጻፍኩት። ነገ እመጣለሁ።»

እሷ ስትሄድ ምንይችል እዚያው ቀርከሃው ውስጥ ቁጭ ብሎ ስልኩን አወጣ። ቪዲዮ አለው። ያኔ ቀበሌው ግቢ ውስጥ አባቱ ሲለካ የቀረፀው ነው። ከቅዳሜ ወዲህ ድምፁን አጥፍቶ ነበር የሚያየው፤ አሁን ከፈተው።

ወንድዬ ሚዛኑ ላይ ቆሞ «ምነው እንደ ድንች ትመዝኝኛለሽ?» ይላል። ሳቅ። ቤዛዊት ሜትሩን ወገቡ ላይ ስታዞር «በገመድ የሚለካው እኮ ለጉድጓድ ነው ልጄ» ይላል። ሳቅ። «አባባ፣ ሲተኙ በጀርባዎ ነው?» ትላለች እሷ። «በጀርባዬማ ትንፋሼ ይቆማል! በሦስት ትራስ ነው የምተኛ፣ እንደ ንጉሥ ተደግፌ!» ሲል ቀበሌው ግቢ በሳቅ ተናወጠ። ከሳቁ ስር ግን የእሷ ድምፅ አለ። ምንይችል ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፈው። «...ይኸ የሚያስቅ አይደለም አባባ፣ ሆስፒታል ይታዩ። ትንፋሽ ካጠረዎት ደግሞ ተኝተው እንዳይሄዱ፣ ቁጭ ብለው ነው...»

ከዚያ በኋላ አይሰማም። ስልኩን የያዘው ሰው ሳቅ ሸፍኖታል። የራሱ የምንይችል ሳቅ።

ቅዳሜ የሆነው እንዲህ ነው።

ወንድዬ ጠዋት ደጃፉ ላይ ደረቱን ይዞ ቁጭ አለ። ላቡ ይወርዳል፣ ትንፋሹ ይፏጫል። ቃሬዛው መጣ። ሲያስተኙት እጁን አወራጨ፤ በሽተኛ ሁሉ ያወራጫል ብለው ያዙት። ጠፍሩን በደረቱ ያሳለፈውና የቋጠረው ምንይችል ነው፤ ቋጠሮውን ያስተማረው አባቱ ነው።

ቁልቁለቱ ላይ ወንድዬ «ቀና አርገኝ» አለ።

«ትንሽ ነው የቀረው አባዬ።»

አቀበቱ መጀመሪያ ላይ ደገመው። «ምንይችል። ቀና አርገኝ ልጄ።» ከንፈሩ ጠቁሯል።

«ጋሼ!» ብሎ ጮኸ ምንይችል።

«ምን ይላል?» አለ በዛብህ ከፊት፣ ሳይዞር።

«ይፈታ ይላል!»

«በሽተኛ ሁሉ ይፈታ ይላል! ደንቡን አትርሳ! አስፋልት ሳይደርስ አይፈታም!»

ወንድዬ ወንድሙን ሰማው። የራሱን ደንብ በወንድሙ አፍ ሰማው። ምንይችል የአባቱን ደረት በመዳፉ ተጭኖ «ተኛ፣ ተኛ አባዬ» እያለ ሄደ። ሦስተኛውን ጊዜ ከንፈሩ ብቻ ነው የተንቀሳቀሰው።

አስፋልቱ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው የኋላሸት ቁልቁል እየሮጠ መጣ። ጉልበቱ ድረስ ጭቃ ነው። ሸክሙ ወረደ፣ ሰዎቹ የመኪናውን አልጋ ሊያመጡ እየተሯሯጡ ወጡ። የኋላሸት የወንድዬን ፊት አየና «ማነው በጀርባው ያስተኛው!» ብሎ ቢላዋ አወጣ፤ ጠፍሩን በአንድ ጊዜ በጠሰው፤ ያን ሁሉ ሰውነት አቅፎ ቀና አረገው።

ወንድዬ ሁለት ጊዜ ተነፈሰ። በረጅሙ፣ ወደ ውስጥ፣ ውኃ እንደጠማው ሰው። ሦስተኛው አልመጣም።

«ቀና አርገኝ ይለኝ ነበር» አለ ምንይችል፣ መሬት ላይ ተንበርክኮ። «ሦስት ጊዜ ነገረኝ።»

የኋላሸት አየው። ወደ ላይ አየ፤ ሰዎቹ አልጋውን ይዘው እየወረዱ ነው። «እሺ» አለ። የተቆረጠውን ጠፍር ምንይችል ጃኬቱ ስር ሲሸሽግ እያየ ሌላ ምንም አላለም። እስከ ዛሬም ምንም አላለም።

ማክሰኞ ሣልስቱ ወጣ። ቄሶቹ ጸሎታቸውን አድርሰው፣ ሰው ከበላና ከጠጣ በኋላ የማህበሩ አባላት ክብ ሠርተው ተቀመጡ። የወንድዬ ነፍስ አባት አባ ገብረ ማርያም መሃል ናቸው። ቤዛዊት ከሴቶቹ መካከል ቁጭ ብላለች፤ ወረቀቱ ጭኗ ላይ ታጥፏል።

የኋላሸት ብቻውን መጣ። ቦት ጫማው ጭቃ በጭቃ ነው። እታለማሁ እግር ስር ጎንበስ ብሎ «እግዜር ያጥናዎት እማማ» አለና ተነስቶ መሃል ቆመ።

«ለምን አልወረድክም?» አለ በዛብህ።

«ሁለቴ ሞከርኩ፣ ጎማው ሰመጠ። መኪናው ገደል ቢገባ ማንንም አላደርስም ብዬ ትቼው በእግሬ ሮጥኩ።»

«ጎማው ሰመጠ! ወንድዬ አንተን ስንት ጊዜ ነው በትከሻው የተሸከመህ? በወባ ስትንዘፈዘፍ፣ እንዲህ ሳለህ!» በዛብህ እጁን ከመሬት ትንሽ ከፍ አርጎ ለካ። «ተሸክሞህ ነበር እኮ!»

«አዎ ጋሼ።»

«ሌላ የምትለው አለህ?»

የኋላሸት ዓይኑን አንከራተተ፤ ምንይችል ላይ ሲደርስ ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ አለፈ። «የለኝም።»

ሽማግሌዎቹ በአገውኛ ተንሾካሾኩ። አንዱ «ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት እኮ» አለ። «እሱ አስቀድሞ ያስብ!» አለ ሌላው። አባ ገብረ ማርያም ጺማቸውን ነካኩ።

«ጠፍሩ ይምጣ» አለ በዛብህ።

ምንይችል ተነሳ። ክቡ መሃል ገብቶ የጃኬቱን ዚፕ ዝቅ አረገ፣ ከወገቡ ላይ እየተረተረ ጠፍሩን መሬት ላይ ዘረጋው። እጁ ላይ የቀረው ቋጠሮው ያለበት ጫፍ ነው። በዛብህ ጎንበስ ብሎ አየና ቀጥ አለ።

«ይኸ ምንድን ነው? በቢላ ነው እኮ የተቆረጠ!»

«ማነው የቆረጠው?» አሉ አባ ገብረ ማርያም።

«እኔ ነኝ አባ» አለ የኋላሸት።

«ለምን? ቋጠሮው ይፈታ አልነበረም?»

የኋላሸት ምንይችልን አየው። «ተሻገር ካላችሁኝ እሻገራለሁ» አለና አንድ እርምጃ ወደ ጠፍሩ ቀረበ።

«ቆይ!» አሉ አባ ገብረ ማርያም እጃቸውን አንስተው። «ራስጌ የነበረው ይኸ ልጅ ነው። ምንይችል፣ አንተ ንገረን። ለምን ተቆረጠ?»

ምንይችል መሬቱ ላይ ቁጭ አለ። ቋጠሮውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ በጣቶቹ መነካካት ጀመረ። ጠፍሩ ዝናብ በልቶ ደርቆበታል፣ አይፈታም። ጥፍሩን ሰደደበት።

በዚህ መሃል እታለማሁ ከቤት ወጣች። እንደ ወጉ ለአባ ገብረ ማርያም የሚሰጠውን የወንድዬን መኝታ ልታወጣ ገብታ ነበር። ብርድ ልብሱንና ሁለቱን ትራስ ደጃፉ ላይ አስቀመጠች፤ ሦስተኛውን ግን አልለቀቀችውም፤ ደረቷ ላይ እንዳቀፈችው መሃሉን ሰንጥቃ መጣች። ማንም አልከለከላትም። ልጇ አጠገብ በርከክ አለች። የተቆረጠውን ጠፍር አየች፤ ቋጠሮውን አየች፤ ጣቶቹን አየች።

«ምን ሆነህ ነው እንዲህ የተጎበጥክ?» አለችው በቀስታ። «ቀና በል እስኪ ልጄ።»

ትራሱን ከጀርባው አስገባችለት። እንዳይንሸራተትም በመዳፏ ደግፋ ያዘችው።

ቤዛዊት እርሳሷን ይዛለች። የኋላሸት አንድ እግሩን አንስቷል። የማህበሩ አባወራ ሁሉ አንድ ልጅ ያያል፤ ከጀርባው ደግሞ የእናቱ እጅ አለ፣ ሙቀቱ በትራሱ አልፎ ይሰማዋል፣ ያቺ ሦስት ቀን ሙሉ «እናትህን አደራ» በምትል ቃል ቆማ የዋለች እናት።

እስኪ እናንተ ንገሩኝ፤ በምንይችል ቦታ እናንተ ብትሆኑ፣ ምን ብላችሁ ትመልሱ ነበር?